ወደ ሄኢንሳ ገዳም እንዴት እንደሚኬድ፦ ከዴጉ መናኸሪያ እስከ ሌሊቱ ጸሎት

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማ ሄዶ የኢትዮጵያ ዘማቾችን መታሰቢያ አዳራሽ አይቶ የተመለሰ እንግዳ ሁሉ እራት ላይ አንድ ጥያቄ አያጣውም፦ «ተራራ ላይ ያለው የድሮ የቡድሃ ገዳም እንዴት ነው የሚኬደው?» መልሱን በስልክም፣ በመልእክትም፣ ባቡር ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጬም ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም። አሁን ጽፌ ልገላገለው።

ኮሪያ ውስጥ ተራራ ላይ የተሠራ ገዳም ሞልቷል። እኔ ሰው የምልከው ግን ወደ ሄኢንሳ ነው። ሄኢንሳ በደቡብ ግዮንግሳንግ ክፍለ ግዛት፣ ሃፕቾን ወረዳ፣ ጋያ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ802 የተመሠረተ ገዳም ነው። ዛሬም መነኮሳት ይኖሩበታል፣ ይማሩበታል። በ13ኛው መቶ ዘመን የተቀረጹ፣ የቡድሃ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚታተሙባቸው ከ81 ሺህ በላይ የእንጨት ሰሌዳዎችም እዚያው ተቀምጠዋል። ከዴጉ ከተማ በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል፣ ማደርም ይቻላል። ምክሬ አንድ ነው፦ እደሩ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ሕንጻውን ያያል፤ ገዳሙን ግን አያየውም፤ ገዳሙ ሕይወት የሚዘራው ጎብኚው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነውና።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ሰዓት። ከዚህ በታች ያለው ሰዓት ሁሉ በኮሪያ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን በቅንፍ አስቀምጣለሁ። ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ አብረን አደርን። ማታ ስንለያይ «ጸሎቱ አራት ሰዓት ላይ ነው» አልኳት፤ የኮሪያውን 4:00 ማለቴ ነበር፣ በእኛ ሌሊት 10 ሰዓት። እሷ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መስሏት ተረጋግታ ተኛች። የሴቶች ማደሪያ ለብቻው ስለሆነ ገብቼ ልቀሰቅሳት አልቻልኩም። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ፊቷን ታጥባ መጥታ «ልጄ፣ አራት ሰዓት አላልከኝም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ሳልናገር አላልፍም፤ እናንተም ከእንግዳ ጋር ስትሄዱ እንዲሁ አድርጉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ፓስፖርት ወይም የኮሪያ የመኖሪያ መታወቂያ። አዳር ሲመዘገብ ይጠየቃል።
• ገንዘብ የተሞላበት የቲ-መኒ ካርድ፣ ለከተማ ባቡርና አውቶቡስ።
• ጥቂት ጥሬ ገንዘብ። የውጭ አገር የባንክ ካርድ በትናንሽ መናኸሪያዎች መሣሪያ ላይ አንዳንዴ እንቢ ይላል።
• ስልክ ላይ ናቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ። ጉግል ማፕ ኮሪያ ውስጥ እንደ ሌላው አገር መንገድ አይመራም፤ እሱን አምኖ የወጣ ሰው ሲንከራተት አይቻለሁ።
• በቀላሉ የሚወልቅና የሚጠለቅ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። ረጅም ማሰሪያ ያለው ጫማ በቀን አሥር ጊዜ ሲፈታና ሲታሰር ያማርራል።
• ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ንጹሕና ያልተቀደደ። አዳራሽ ውስጥ ከኋላችሁ የሚቀመጠው ሰው የሚያየው እግራችሁን ነው።
• ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ በበጋም ቢሆን ቀለል ያለ ጃኬት።
• ለሚያድር፦ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ መድፈኛ። ክፍሉን ከሌላ ሰው ጋር ስለምትጋሩ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም።

ደረጃ በደረጃ

1. ወቅቱን ምረጡ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ የሸለቆው ቅጠል ይቀላል፤ እጅግ ያምራል፣ እጅግም ይጨናነቃል። ከቻላችሁ በዚያው ወቅት በሥራ ቀን ሂዱ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ያለው የኮሪያ ክረምት ዝናቡ ከባድ ነው፤ የድንጋዩ ደረጃም ያንሸራትታል። ታኅሣሥና ጥር ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ግቢው ግን ጭር ስለሚል እኔ የምወደው ይህን ወቅት ነው። በጨረቃ አቆጣጠር አራተኛው ወር ስምንተኛው ቀን የቡድሃ ልደት ስለሆነ ግቢው በፋኖስ ይሞላል፤ ሰው ለሰው መተላለፊያ የለም። በሁለቱ ታላላቅ የኮሪያ በዓላት፣ በሶላልና በቹሶክ፣ የባቡር ቲኬት ቀደም ብሎ ያልቃልና አትሞክሩት።

2. አዳሩን አስመዝግቡ። ኮሪያውያን «ቴምፕልስቴይ» ይሉታል። የገዳማቱን አዳር የሚያስተባብር አንድ የጋራ ድረ ገጽ አለ፤ በእንግሊዝኛም ይሠራል። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው በመርሐ ግብር የሚሄደው ነው፦ ግቢውን የሚያስጎበኝ፣ ከመነኩሴ ጋር ሻይ የሚያስጠጣ፣ ስግደት የሚያስተምር። ሁለተኛው የዕረፍት አዳር ሲሆን ክፍልና ምግብ ሰጥተዋችሁ ቀሪው ጊዜ የራሳችሁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ይምረጥ፤ የሚያስረዳው ሰው ከሌለ ከበሮውም ደወሉም ድምፅ ብቻ ሆኖ ያልፍበታል። ስትመዘገቡ ስለ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጻፉ፦ የምግብ አለርጂ ካለባችሁ፣ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ካለባችሁ፣ በሃይማኖታችሁ ምክንያት የማትሳተፉበት ሥርዓት ካለ። አስቀድሞ የተነገረ ነገር ማንንም አያስቸግርም፤ አዳራሽ ውስጥ መሃል ላይ ቆሞ «እኔ አልሰግድም» ማለት ግን ሁሉንም ያሳፍራል።

3. ዴጉ ድረስ በባቡር ሂዱ። ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር እስከ ዶንግዴጉ ጣቢያ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከቡሳን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። «ዴጉ» የሚባልና «ዶንግዴጉ» የሚባል ሁለት ጣቢያ አለ፤ ፈጣኑ ባቡር በዋናነት የሚቆመው በሁለተኛው ነው። ከጠዋቱ 8:00 (በእኛ 2 ሰዓት) በፊት ከሴኡል ከተነሣችሁ ቀኑ ይበቃችኋል።

4. ሶቡ መናኸሪያን ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዶንግዴጉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ትልቅና ዘመናዊ የአውቶቡስ መናኸሪያ አለ፤ የሄኢንሳ አውቶቡስ ግን ከዚያ አይነሣም። የሚነሣው ከከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል፣ ሶቡ ከሚባለው መናኸሪያ ነው። ከዶንግዴጉ የከተማ ባቡር መስመር 1ን ያዙና ወደ ሶልህዋምዮንጎክ በሚሄደው ተሳፈሩ፤ ሶቡ መናኸሪያ ከሚገኝበት ጣቢያ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በታች ይወስዳል። ጎረቤት እንደሚጠራው «ሶቡ ጆንግንዩጃንግ» ካላችሁ ማንም ያሳያችኋል። ቲኬቱን በመስኮት ግዙ፤ «ሄኢንሳ» ማለት ይበቃል። አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጓዛል። መጨረሻው ላይ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆድ የሚያስቸግረው ሰው ከፊት ይቀመጥ።

5. ስትወርዱ መጀመሪያ የመመለሻውን ሰዓት ፎቶ አንሱ። ከማንኛውም ሐውልት በፊት ይህን ፎቶ ካላነሣችሁ ማታ ትቆጫላችሁ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ገና አመሻሽ ላይ ሄዶ ያልቃል፣ ተራራ ላይ ታክሲ መጥራትም ቀላል አይደለም። አውቶቡሱ ሸለቆው ውስጥ ከአንድ በላይ ቦታ ስለሚቆም ለሾፌሩ «ሄኢንሳ» ብላችሁ የት እንደምትወርዱ ጠይቁ። ከመንገዱ እስከ ገዳሙ በእግር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዳገት አለ። የእኛ ሰው ስለ ተራራ ሲሰማ ከፍታውን ይፈራል፤ አያስፈልግም። የጋያ ተራራ ጫፍ 1,430 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከዚያ በብዙ ትበልጣለች። የሚያስቸግረው ዳገቱ እንጂ አየሩ አይደለም።

በር ላይ የሚጠየቅ የመግቢያ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2023 ጀምሮ ቀርቷል። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ለማቆሚያ ይከፍላል።

6. በሮቹን በተራ እለፉ። መጀመሪያ የምታገኙት «ኢልጁሙን» የሚባለውን፣ ምሰሶዎቹ በአንድ ረድፍ የቆሙለትን በር ነው። ከዚህ በኋላ ድምፅ ይቀንሳል፣ ሲጋራ አይታሰብም። ቀጥሎ አራቱ የሰማይ ጠባቂዎች ያሉበት በር፣ ከዚያም ሦስተኛው ይመጣል። በየበሩ ኮሪያውያን ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ከወገባቸው ጎንበስ ይላሉ። ይህ ሰላምታ ነው፤ መነኩሴ ስታገኙም ያገለግላል። መነኩሴን «ስኒም» ብላችሁ ጥሩ፤ ወንድም ሆነ ሴት መነኩሲት አንድ ነው። ግቢው ውስጥ ወለሉ ላይ የተሣለ የተጠማዘዘ መንገድ ታያላችሁ፤ ሰዎች እጃቸውን ገጥመው እየዞሩ ይከተሉታል። መግባት ትችላላችሁ፤ ከገባችሁ ግን መስመሩን አቋርጣችሁ አትውጡ፣ እስከ መጨረሻው ሂዱ።

7. አዳራሽ ስትገቡ በጎን በር ግቡ። ፊት ለፊት ያለው መካከለኛ በር ለመነኮሳት ነው፤ ክፍት ሆኖ ብታገኙትም የእናንተ አይደለም። ጫማችሁን አውልቁ፣ ለመውጣት እንዲመች አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራችሁ አስቀምጡ። የበሩን መድረክ ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የምናደርገው ነው። ልዩነቱ ሴት ራሷን መሸፈን የለባትም፣ ወንድና ሴትም በግራና በቀኝ አይለያዩም። ባርኔጣ ግን ሁሉም ያወልቃል። የሚሰግድ ሰው ካለ በፊቱ አትለፉ፣ በኋላው ዙሩ። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ሐውልቱ አትዘርጉ። በዋናው አዳራሽ ውስጥ ፎቶ አታንሡ፤ መነኩሴንም ሳትጠይቁ አታንሡ።

8. ወደ ሰሌዳዎቹ ማከማቻ ውጡ። ከዋናው አዳራሽ ጀርባ ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ እሱን ስትጨርሱ ከገዳሙ ሁሉ ከፍ ብለው የተሠሩትን አራት ሕንጻዎች ታገኛላችሁ። ሁለቱ ረጃጅሞች ናቸው፤ ሰሌዳዎቹ ያሉት እዚህ ነው። ብዙ ሰው በእንጨት ፍርግርጉ አንድ ጊዜ አጮልቆ «ይኼው ነው?» ብሎ ይመለሳል። ቁሙና መስኮቶቹን ተመልከቱ። በፊት ለፊቱ ግድግዳ የታችኛው መስኮት ትልቅ፣ የላይኛው ትንሽ ነው፤ በጀርባው ግድግዳ ተገላቢጦሽ ነው። ነፋሱ በትልቁ ገብቶ ሕንጻው ውስጥ ተዘዋውሮ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ወለሉ ከሸክላ አፈር ሌላ ከሰል፣ ጨውና ኖራ ተጨምሮበት የተደለደለ ስለሆነ እርጥበት ሲበዛ ይመጥጣል፣ ሲያንስ ይመልሳል። የ13ኛው መቶ ዘመን እንጨት ያለ አንድ ማሽን እስካሁን ሳይሻግት የቆየው እንዲህ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን አትንኩ፣ በፍርግርጉ እጅ አታስገቡ፣ ካሜራም በፍርግርጉ ቀዳዳ አታስጠጉ። ሰሌዳዎቹ በመደዳ ቆመው እንደ መጽሐፍ ጀርባ ነው የሚታዩት፤ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አንድ ደቂቃ ስጡት።

9. ከበሮው ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ቁሙ። ወደ 18:00 (በእኛ ማታ 12 ሰዓት) አካባቢ፣ ከምሽቱ ጸሎት በፊት፣ መነኮሳት በየተራ ትልቁን ከበሮ ይመታሉ፤ ከዚያ ደወሉን፣ በዓሣ ቅርጽ የተቦረቦረውን እንጨትና የደመና ቅርጽ ያለውን የብረት ሰሌዳ። ከበሮው ለምድር እንስሳት፣ ዓሣው ለውኃ ፍጥረታት፣ ደመናው በሰማይ ለሚበሩት፣ ደወሉ በሲኦል ላሉት ነው ይላሉ። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ቀን ላይ አስተናጋጆቹን ጠይቁ። ከበሮ ቤቱ ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ከሥሩ ከቆማችሁ የመነኩሴውን ክንድ አታዩም፣ ውበቱ ያለው ክንዱ ላይ ነው። ያላደረ ሰው ይህን ለማየት አውቶቡሱን መሠዋት አለበት።

10. ምግብ ላይ ሳህናችሁን ጨርሱ። የገዳም ምግብ ስጋም ዓሣም የለውም፤ እንቁላልና ወተትም በአብዛኛው አይገባበትም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ኮሪያ ውስጥ ሳይጨነቅ የሚበላበት ቦታ ይህ ነው፤ ሙስሊም ወዳጆቼም የስጋው ጉዳይ አላስጨነቃቸውም። አንድ ነገር ግን ይጎድልባችኋል፦ ነጭ ሽንኩርትና የሽንኩርት ዘር በሙሉ ክልክል ነው፤ ስሜትን ያነሣሣል ተብሎ ይታመናልና። ቁሌት ለለመደ አፍ የመጀመሪያው ጉርሻ ያስገርማል። የሚሳሳቱበት ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ከሳህን ላይ ትንሽ ማስቀረት ጨዋነት ነው፤ «በሞቴ» የሚል አስተናጋጅም አይጠፋም። እዚህ የሚለምናችሁ የለም፤ የቀረ ምግብም ነውር ነው። ትንሽ አንሡ፣ ካልበቃችሁ ተነሥታችሁ ጨምሩ። በአራት ሳህን የሚበላበት የመነኮሳት ማዕድ ከገጠማችሁ ደግሞ፣ መጨረሻ ላይ ሳህኑን በውኃና በአንድ ቁራጭ ነጭ ራዲሽ አጥባችሁ ውኃውን ትጠጡታላችሁ። ያቺን ቁራጭ መጀመሪያ ላይ አትብሏት።

11. ለሌሊቱ ተዘጋጁ። መብራት 21:00 (በእኛ ማታ 3 ሰዓት) ገደማ ይጠፋል፤ ወለሉ ከሥር ይሞቃል፣ ፍራሹ ስስ ነው። የተሰጣችሁን የገዳም ልብስ ካልሲያችሁን ጨምራችሁ ከራስጌ አስቀምጡ፤ ሌሊት በጨለማ መፈለግ ሰው ያስነሣል። መቀስቀሻው ወደ 4:00 (በእኛ ሌሊት 10 ሰዓት) ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አንድ መነኩሴ የእንጨት ቃጭል እየመታ በግቢው ሲዞር ትሰማላችሁ። ስትገቡ ከኋላ ቁሙ፤ ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ከፊት ያለውን እያየ ይከተላል።

አንዳንድ መርሐ ግብር 108 ስግደት አለው። ስግደቱ ጉልበት፣ ክርንና ግንባር መሬት የሚነካበት ነው፤ በሕማማት የሰገደ ሰው አካሉ ያውቀዋል። ትራሱን ከጉልበታችሁ ሥር አድርጉ፣ ፍጥነቱን ከመሪው አታስበልጡ። የሃይማኖት ጉዳይ ያለበት ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ተቀምጦ ዝም ቢል ማንም አይናገረውም። ስገዱ ብሎ የሚያስገድድ በፍጹም አላጋጠመኝም።

12. ስትመለሱ ከቻላችሁ በእግር ውረዱ። «ሶሪጊል» የሚባል፣ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ የሆንግንዩዶንግን ወንዝ ተከትሎ ወደ ታች ይሄዳል። ወደ ላይ ከመውጣት መውረዱ ይቀላል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያዙለት። ከባድ ሻንጣ ያለው ሰው አይሞክረው፤ አውቶቡስ ይያዝ። ከመነሣታችሁ በፊት ታች የትኛው ማቆሚያ ላይ እንደምትሳፈሩ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ጫፉ ላይ እወጣለሁ ብሎ በዚያው ቀን ገዳሙንም ለማየት መሞከር። ከገዳሙ እስከ ሳንግዋንግቦንግ ጫፍ አንድ ጎኑ ብቻ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይበላል። ጫፉን የሚፈልግ ከአዳር በኋላ ጠዋት ይውጣ።

«የተከለከለ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን በር ማንበብ ስላልቻሉ ገፍቶ መግባት። በገመድ ወይም በቀርከሃ የተዘጋ መንገድ ሁሉ የመነኮሳት መኖሪያ ወይም የጥሞና ቦታ ነው። የኮሪያኛ ፊደል ባታነቡም ገመዱ ይናገራል።

ሽቶ አብዝቶ መቀባት። ጸሎቱ በተዘጋ አዳራሽ ነው፤ ዕጣኑ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ

ጋያ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሲጋራ ማጨስም እሳት ማንደድም በሕግ ይከለከላል። ግቢው ሙሉ በሙሉ እንጨት ስለሆነ ክብሪትና ላይተር ከኪሳችሁ አታውጡ። በደረቁ የጸደይና የበልግ ወራት አንዳንድ የተራራ መንገዶች የሰደድ እሳትን ለመከላከል ይዘጋሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወንዙ ዳር አትውረዱ፣ ውኃው ከላይ ድንገት ይመጣል። ድሮን ይዛችሁ አትሂዱ።

ለአደጋ 119 ይደወላል። መንገድ ከጠፋችሁ ወይም የአውቶቡስ ሰዓት ካልገባችሁ ደግሞ 1330 የቱሪስቶች የስልክ መስመር በእንግሊዝኛ ያነጋግራችኋል፤ ከሾፌሩም ጋር ስልኩን አቀብላችሁ ማስተርጎም ትችላላችሁ።